ሣር ለሚለው ቦታ ያልነበረው ቅጽ

አሜሪካ፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ ያለው አፓርታማችን ውስጥ የመኝታ ቤቱ በር ካልተያዘ በራሱ ይዘጋል። ባለቤቴ ከገባንበት ሳምንት ጀምሮ በሩን የሚያስይዘው በቱምቢ ነበር። ግንበኛ ግድግዳው መቅናቱን የሚያይባት ትንሿ ቱምቢ አይደለችም። ይህኛው የባሕር ነው፤ ስንዝር ተኩል የሚሆን፣ ከእርሳስ ብረት የተሠራ፣ አናቱ ላይ ገመድ የሚገባበት ቀዳዳ፣ ሥሩ ላይ ደግሞ እንደ ስኒ የጎደጎደ ቦታ ያለው። ከሞተ ወዲህም እዚያው ነው። አንድ ቀን ልጄ ከብሩክሊን ሴንተር መጥታ ቤቱን ስታጸዳልኝ ልታነሣው ስትል እጇን ያዝኳት።

"ማም፣ ይሄ ሌድ ነው። ቶክሲክ ነው፣ ይመርዛል" አለችኝ።

"አባትሽ ዕድሜውን ሙሉ ሲይዘው ኖሯል" አልኳት።

"ኤንድ?" አለች፤ ታዲያስ ምን ሆነ ማለቷ ነው። ወዲያው ያለችው ነገር ለራሷ ተሰማትና መጥረጊያውን እንደያዘች አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ስለዚህ ቱምቢ መጻፍ እንዳለብኝ ያወቅኩት ግን ያን ቀን ነው። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። አንዳንድ ቀን ሁለት መስመር ጽፌ እነሣለሁ።

ባለቤቴ ወጣት ሳለ ቀይ ባሕር ዳር ባለው ወደባችን የባሕር ጥልቀት ይለካ ነበር። ትንሽ ጀልባ ላይ ቆሞ ቱምቢውን ወደ ውሃው ይጥላል። ገመዱ ላይ በልክ በልክ የታሰሩት የቆዳ ቁራጮች ጥልቀቱን ይነግሩታል። ከመጣሉ በፊት ግን ከሥር የጎደጎደውን ቦታ በልብስ ሳሙና ይሞላዋል። ቱምቢው ወለሉን ሲመታ ከታች ያለው ነገር ሳሙናው ላይ ይለጠፋል፤ አሸዋ ከሆነ አሸዋ፣ ጭቃ ከሆነ ጭቃ። ሳሙናው ምንም ሳይዝ ተቦጭሮ ከወጣ ድንጋይ ነው። ያየውን ቅጽ ላይ ይጽፋል፣ ሳሙናውን በቢላ ፍቆ እንደገና ይሞላል፣ እንደገና ይጥላል። ጀልባውን የሚይዝለት አንድ ጓደኛው ነበር፤ የዚያው የባሕር ዳር ተወላጅ፣ ከሰላምታው በፊት ቀልዱ የሚቀድም ሰው። ያ ጓደኛው ዛሬም እዚያው አለ።

እኔ የወደቡ ግንባታ ቢሮ ታይፒስት ነበርኩ። መስክ ላይ በእጅ የተሞሉት ቅጾች እኔ ጋ ይመጣሉ፤ በጥሩ ገልብጬ፣ በካርቦን አምስት ቅጂ አድርጌ፣ ለፊርማ አቀርባለሁ። በዚያ ጊዜ ወደቡ ሊሰፋ ነበር። አዲስ የመርከብ ማቆሚያ ይሠራል፣ ለእሱም ባሕሩ ይቆፈራል፤ ከሥሩ የሚወጣው ጭቃ ደግሞ የሆነ ቦታ መደፋት አለበት። የሚደፋበትን ቦታ ለመምረጥ ባለቤቴና ጓደኛው ሰሜን ያለውን የባሕር ሰርጥ ለክተው መጡ። ያን ጊዜ ገና ባለቤቴ አልነበረም። በመልክ እንጂ በቅርበት አላውቀውም።

ቅጹ ላይ የወለሉ ዓይነት የሚል ርእስ አለ፤ ከሥሩ ሦስት ዓምዶች፣ አሸዋ፣ ጭቃ፣ ድንጋይ። ከሦስቱ በአንዱ ምልክት ይደረጋል። እሱ ግን ምልክት አላደረገም። ገጹን ሙሉ፣ በየመስመሩ፣ ሦስቱን ዓምዶች አቋርጦ "ሣር" ብሎ ጽፏል። ሣር፣ ሣር፣ ሣር። ወረቀቱን ይዤ ወደ አለቃዬ ገባሁ።

"ጋሼ፣ ይሄ የት ይገባል?"

መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ። "ሣር? በሬ ልናስር ነው እንዴ?"

"እሱ ነው የጻፈው።"

"ለስላሳ ነው ጠንካራ?"

"ሣር ከሆነ ለስላሳ ይመስለኛል።"

"ታዲያ ጭቃ በይዋ፣ ልጄ! ምን ያስጨንቅሻል?"

ተመልሼ ተቀመጥኩና ጭቃ የሚለው ዓምድ ላይ ከላይ እስከ ታች ምልክት መታሁ። ቀላል ሥራ ነበር። እንዲያውም ደስ ብሎኛል፤ ፊደል ስላልነበረው ቶሎ አለቀ።

በማግስቱ ሊፈርም መጣ። ጫማው ላይ የደረቀ ጨው ነበር።

"ይሄን ማነው የጻፈው?"

"እኔ ነኝ።"

"እኔ ጭቃ አላልኩም።"

"ቅጹ ላይ ሣር የለማ።"

"ባሕሩ ላይ ግን አለ" አለ። አልጮኸም። በሕይወቱ ጮኾ አያውቅም።

ያን ቀን ጠዋት በሌላ ወረቀት ስሕተት አለቃዬ በሰው ፊት አዋርዶኝ ነበር። አምስቱንም ቅጂ እንደገና መምታት፣ ለምን እንደሆነም ገብቶ መንገር፣ ከዚያ አንድ ቀን ከዘገየ ደግሞ መጠየቅ እንዳለ አሰብኩ። "እሺ፣ እንደገና ልጻፈው" ብዬ ወረቀት ሳነሣ እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ጣቶቼ በካርቦን ጠቁረዋል። እሱ ጣቶቼን አየ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበና አምስቱም ላይ ፈረመ።

"ብዕርሽ ቀለም ያፈሳል" ብሎኝ ሄደ።

እንዲህ ነው የተዋወቅነው። እዚህ አሜሪካ ሰው እንዴት ተገናኛችሁ ብሎ ሲጠይቀን "በሥራ ላይ" ይልና ወደ እኔ ያያል። ለእኔ ብሎ እንደፈረመ አንድም ቀን ነግሮኝ አያውቅም። ቢነግረኝ ይሻለኝ ነበር።

ከተጋባን በኋላ ነው ሣሩን ያሳየኝ። አንድ እሑድ በጓደኛው ጀልባ ሦስታችን ወደ ሰሜኑ ሰርጥ ሄድን። ውሃው የሰው ቁመት ሁለት እጥፍ ያህል ቢሆን ነው፤ ወለሉ ድረስ ይታያል። ከታች ያለው ጭቃ አልነበረም። ያልታጨደ ማሳ ነው። ቅጠሉ እንደ ጥብጣብ ቀጭን፣ አረንጓዴ፣ ሁሉም በአንድነት ወደ አንድ ጎን ይተኛል፣ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሌላው ጎን ይተኛል። ከመካከሉ የባሕር ኤሊዋ ትግጣለች። ቸኩላ አይደለም፤ እንደ ላም ነው፣ ነጭታ ትንሽ ትሄዳለች፣ እንደገና ትነጫለች። ከዚያ ወደ ላይ ወጥታ አፍንጫዋን ከውሃው በላይ ብቅ አደረገችና ተነፈሰች። የደከመ ሽማግሌ ወንበር ላይ ሲቀመጥ የሚያወጣውን ዓይነት ትንፋሽ ነው።

"እህቴ፣ ላማችንን እያት" አለኝ ጓደኛው። "ባልሽ የሣር ገበሬ ነው። መሬቱ እርጥብ ሆኖበት ነው እንጂ ያርስ ነበር።"

ሳቅኩ። ከማሳው መሐል አንድ ቀይ በርሜል ተንሳፍፏል፤ በሰንሰለት ታስሯል።

"ያ ቀይ ነገር ምንድነው?" አልኩ።

ባለቤቴ ፊቱን ወደ ውሃው አዞረ። ጓደኛው እሱን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ በዚያው በቀልድ ድምፁ፣ "የጭቃችሁ ምልክት ነዋ" አለ። "ጭቃ በጭቃ ላይ ቢደፋ ምን ይሆናል ብለው ነው።"

በወሩ ድራጋው መጣ፤ ባሕር የሚቆፍረውን መርከብ ድራጋ ነው የምንለው። ቀን ቀን ይቆፍራል፣ ጭቃውን ጭኖ ወደ ሰሜን ይሄዳል፣ ባዶውን ይመለሳል። ሰርጡ ወተት የበዛበት ሻይ መሰለ። ጭቃው በቀጥታ ያልወደቀበት ሣር እንኳ ብርሃን አጥቶ ቡናማ ሆነ፣ ሥሩ ለቀቀ፣ ማዕበሉ ወደ ዳር አምጥቶ ከመረው። ከተማው ሸተተ። ሰው አፍንጫውን ይዞ በዳር ሲያልፍ እኔ የምሸሸው ባለቤቴን ነበር። ኤሊዎቹ የሚበሉት ሲያጡ ወደ መርከብ ማቆሚያው መጡ። ከመርከብ የተጣለ ላስቲክ ስትውጥ ያየኋት አለች። አንዷን ሞተር መትቷት ጀርባዋ እንደ ዳቦ ተሰንጥቆ ነበር፤ ብዙ ቀን ኖረች። የአዲሱ ማቆሚያ መብራቶች ከተተከሉ በኋላ ደግሞ ጠዋት ወደ ሥራ ስገባ አጥሩ ሥር፣ ምሰሶዎቹ ግርጌ፣ የእጅ መዳፍ የማያህሉ ግልገል ኤሊዎች ደርቀው አገኛለሁ። ከእንቁላል እንደወጡ ብርሃኑን ባሕር መስሏቸው ነው የመጡት። ጥበቃው ጠርጎ ይጥላቸዋል።

ባለቤቴ አንድ ደብተር ገዛና በማስመሪያ አራት ዓምድ አሰመረበት፤ አሸዋ፣ ጭቃ፣ ድንጋይ፣ ሣር። የቢሮው ቅጽ ላይ አራተኛው ዓምድ እንዲጨመር ጠይቆ ነበር። ቅጹ አለመታረሙን እኔ ነኝ የማውቀው፤ እስከለቀቅኩበት ቀን ድረስ ያንኑ ቅጽ ነበር የምመታው። በደብተሩ ግን ደቡብ፣ ወደ ባሕሩ ከገባው አፍንጫ ከምንለው ድንጋያማ መሬት ጀርባ፣ ሌላ አነስ ያለ የሣር ማሳ ለክቶ አገኘ። ከሞት የተረፉት ኤሊዎች ጥቂቶቹ ወደዚያ ተሻገሩ። "አንድ ቀርቷል" አለኝ ያን ቀን። ከዚያ በኋላ በኖርንበት ሁሉ፣ ያን "አንድ ቀርቷል" የሚለውን ይዞ ነበር የሚኖረው።

ከአገር እንዴት እንደወጣን አልጽፍም። ብዙ ሰው ጽፎታል። ሻንጣችን ውስጥ ቱምቢውና ደብተሩ ነበሩ ማለት ይበቃል።

መጀመሪያ ሲዋርድ የሚባል ሰፈር ነበር የምንኖረው፣ ከዚያ እዚህ። እሱ ትምህርት ቤት ያጸዳ ነበር፤ እኔ መጋዘን ውስጥ ዕቃ አሽግ ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ ሴንት ፖል ከተማ ድራይቭ ያደርግና ወንዙ ዳር መኪናውን አቁሞ ባርጆቹን፣ ጭነት የሚያመላልሱትን ጠፍጣፋ ጀልባዎች፣ ያያል። አንዳንዴ ከወንዙ አሸዋ የሚያወጣ መርከብ ይኖራል። ያኔ ከመኪናው ይወርዳል። አንድ ጊዜ ብርቱካንማ ሰደርያ የለበሰ ሠራተኛ አግኝቶ፣ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛው፣ የምትደፉት የት ነው ብሎ ጠየቀው። ሰውየው አሸዋውን ለመንገድ እንደሚወስዱት ነገረው። ባለቤቴ አመስግኖ ወደ መኪናው ተመለሰ።

አንድ ጥር ደግሞ በረዶ በሆነ ሐይቅ ላይ ካልሄድን አለኝ። ሰዎች በረዶውን በስተው፣ የፕላስቲክ ባልዲ ገልብጠው ተቀምጠው ዓሣ ያጠምዳሉ። ባለቤቴ ቱምቢውን ከኮቱ ሥር አወጣና አንድ ነጭ ሽማግሌ ቀዳዳውን እንዲያውሰው ለመነው። ልጄ፣ ያኔ ሃይ ስኩል ነበረች፣ በእፍረት ኮፍያዋን እስከ ዓይኗ ጎተተች።

ሽማግሌው ቱምቢውን ገልብጦ አየ። ምን ሞልተህበት ነው ብሎ ጠየቀ። ልጄ ተረጎመች።

"ሳሙና" አለ ባለቤቴ።

"ዓሣው ሊታጠብ ነው?" አለ ሽማግሌው፣ የራሱን ቀልድ ራሱ እየሳቀበት።

ባለቤቴ ቱምቢውን ጥሎ ሲጎትተው ሳሙናው ላይ አንድ አረንጓዴ የሐይቅ አረም ተለጥፎ ወጣ። ባለቤቴ ጓንቱን አውልቆ በባዶ እጁ ነቀለው፣ መሐረብ ውስጥ ጠቀለለው፣ ቤት አምጥቶ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ አስቀመጠው። "ይሄ የባሕሩ አይደለም" አለኝ። "ግን በረዶ ሥር ነው ያለው። አየሽ?" ሳምንት ሳይሞላው በሰበሰና ደፋሁት። የት ሄደ ብሎ አልጠየቀኝም።

ከጡረታ በኋላ ኩላሊቱ ታመመ። በሳምንት ሦስት ቀን ዳያሊሲስ፣ ደሙን በማሽን ሊያጣራ፣ ይሄዳል። ውሃ ተለክቶ ነበር የሚሰጠው። "ባሕር ለክቼ ኖሬ፣ አሁን እኔን በኩባያ ይለኩኛል" ይላል። ልጄ በኮምፒውተር ከሰማይ የተነሣ የወደባችንን ፎቶ አውጥታ አሳየችውና ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር ማየት ተወ። ከድንጋያማው አፍንጫ ጀርባ አንድ ጠቆር ያለ ቦታ አለ። በጣቱ ይነካዋል። "ይሄው" ይላል። "ዳድ፣ ዳት ፒክቸር ኢዝ ኦልድ" ትለዋለች፤ ፎቶው የቆየ ነው ማለቷ ነው። "ሣሩም ኦልድ ነው" ይላታል።

ጓደኛው በየወሩ በቫይበር ይደውላል። "የሣር ገበሬው እንዴት አደረ?" ነው የሚለው። ባለቤቴ "ካፒቴን" ይለዋል፤ የአንዲት ጀልባ ካፒቴን። ደቡቡን ይጠይቀዋል። ኤሊ ታየ? ታየ። ስንት? ሦስት፣ አንዳንዴ አራት። ባለቤቴ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር እኔን ጻፊልኝ አለኝ። እሱ ይናገራል፣ እኔ እገለብጣለሁ። እንደ ድሮው።

ባለፈው መከር ጓደኛው ሲደውል ባለቤቴ ዳያሊሲስ ላይ ነበር። ስልኩን እኔ አነሣሁ። ቀልድ አላስቀደመም።

"እህቴ፣ እሱ አጠገብሽ አለ?"

"የለም።"

"ወደቡን እንደገና እያሰፉ ነው። ድራጋ መጥቷል፣ ትልቅ ነው፣ የድሮው ልጁ ነው የሚመስለው። ጭቃውን ወደ ደቡብ ነው የሚወስዱት።"

"ከአፍንጫው ጀርባ?"

"ከዚያ ነው።"

"ለክተውት ነበር?"

"በማሽን ለኩት። ሰው አልጣለም፣ ሳሙና የለም። እኔም ሄጄ ነገርኳቸው፤ ሽማግሌ ነው ብለው ሻይ ሰጡኝ።" ትንፋሹን ሰማሁ። "ንገሪው ወይም አትንገሪው። እኔ አልችልም።"

ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ተመለሰ። ፊቱ እንደ ወረቀት ነበር፤ ከዳያሊሲስ ሲመጣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ጫማውን ሳወልቅለት "ካፒቴን ደውሎ ነበር?" አለኝ።

"ደውሏል።"

"ምን አለ?"

አራተኛውን ዓምድ አሰብኩ። "ሣሩ አለ" አልኩት። "ኤሊ አይቷል። ሁለት።"

"ጻፊዋ" አለኝ።

ደብተሩን አምጥቼ ከፊቱ ተቀመጥኩ። ደቡብ፤ ሣር ላይ ምልክት፤ ኤሊ፣ ሁለት። ወጣት ሳለሁ የተንቀጠቀጠው እጅ አሁን ቀጥ ብሎ ጻፈ። በየመስመሩ መጨረሻ "ያረጋገጠው" የሚል ቦታ አስምሮ ነበር፤ ብዕሩን ሰጠሁት፣ ፈረመ። ለሁለተኛ ጊዜ በእኔ ቃል ላይ ፈረመ።

በረዶው ሳይቀልጥ ሞተ። ደስ ብሎት ነው የሞተው ብዬ ራሴን ማጽናናት እችል ነበር። አልተጽናናሁም። ሰውየውን ሕይወቱን ሙሉ ያስጨነቀው አንድ ነገር፣ ያየው በትክክል አለመጻፉ ነበር። እኔ ያን ሳውቅ ነው ያደረግኩት።

ከአርባው በኋላ ጓደኛው ሊያጽናናኝ ደወለ። አልቅሰን ስናበቃ ለመንኩት። ጣልልኝ አልኩት፤ ከአፍንጫው ጀርባ ሄደህ ጣልልኝና የሚወጣውን ንገረኝ።

"ቱምቢው እናንተ ጋ ነው" አለኝ።

"ሌላ ብረት የለህም?"

"ብረትስ አለ። ግን እህቴ፣ ምን ያደርግልሻል? እኔ ነግሬሻለሁ እኮ።"

"አንተ ከዳር ሆነህ ያየኸውን ነው የነገርከኝ። እሱ ከዳር አይጽፍም ነበር።"

"ሳሙናው ቢጫ ይሁን ነጭ?" አለኝ። ሊያስቀኝ ነው።

በሦስተኛው ቀን ፎቶ ላከ። የቆየ የሞተር ብረት ነው፣ ከሥሩ ሳሙና ተለጥፎበታል። ሳሙናው ላይ ያለው ግራጫ፣ ወፍራም፣ የሚያንጸባርቅ ነገር ነው። አጉልቼ አየሁት። አንድ የቅጠል ክር ፈለግሁ። ቀጥሎ ደወለ።

"አምስት ቦታ ጣልኩ" አለ። "አምስቱም ያው ነው።"

"ኤሊስ?"

"አንዲት አለች። ትመጣለች። ዝቅ ትላለች፣ ወዲያው ትወጣለች፣ ትተነፍሳለች፣ እንደገና ዝቅ ትላለች። የጠፋባትን የምትፈልግ ነው የምትመስለው። ከዚያ ወደ መርከቦቹ ትሄዳለች።" ከዚያ እንዲህ አለኝ፤ "ጀልባዋን ልሸጣት ነው፣ እህቴ። ሌላ ጊዜ ጣል አትበይኝ።"

አልልህም አልኩት።

ባለቤቴ ያስተማረኝ ሕግ አለ። የመስክ ደብተር ላይ የተሳሳተ ነገር አይፋቅም፣ ገጹም አይቀደድም። ስሕተቱ እንዲነበብ ሆኖ አንድ መስመር ይሰመርበታል፣ ትክክለኛው ከሥሩ ይጻፋል፣ የጻፈው ሰው ይፈርማል። ዛሬ ጠዋት፣ ትናንት እኔ ጋ ያደረችው ልጄ ሥራ ከሄደች በኋላ ደብተሩን አወጣሁ። እኔ የጻፍኩት መስመር ላይ በማስመሪያ አንድ መስመር አሰመርኩ። ከሥሩ ጭቃ በሚለው ሁለተኛው ዓምድ ላይ ምልክት አደረግኩ። ያን ዓምድ ድሮ ከላይ እስከ ታች ሞልቼው አውቃለሁ፤ ዛሬ ግን ያለው እሱ ነው። ኤሊ፣ አንድ። ፈረምኩ።

ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ፎቶ ገና አልተቀየረም። ጠቆር ያለው ቦታ አሁንም ከአፍንጫው ጀርባ ይታያል፤ ልጄ አንድ ቀን አፕዴት ያደርጉታል ትላለች።

ከአዲሱ መስመር መጨረሻ ላይ "ያረጋገጠው" የሚለው ቦታ ባዶ ነው። የብዕሩን ክዳን ሳልከድን ብዙ ቆየሁ። የሚፈርም የለም።